ያዘው ብዬ የጮህኩ ቀን

አዋሽ የተከራየሁት ቤት ይነዝር ነበር። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ ያኔም ይስቁ ነበር። ግድግዳው ግማሹ ቆርቆሮ ነው፣ ጣራው ቆርቆሮ ነው፣ የግቢው በር ቆርቆሮ ነው። ወደ ማታ የከተማው የመብራት ሞተር ሲነሳ ከእነዚህ አንዱን በእርጥብ እጁ የነካ ሰው ክንዱን እስከ ትከሻው ይወርረዋል። አከራዬ ከወሎ መጥተው በዚያው ቤት፣ ከእኔ ጋር አንድ ኮርኒስ በሚጋራው የመንገድ ዳር ክፍል፣ ሻይ ቤት የከፈቱ ሴት ናቸው። "ሸይጧን ሰፍሮበታል" ይሉና ቢስሚላሂ ብለው በሩን በቀሚሳቸው ጫፍ ይዘው ይከፍቱታል። ደንበኞቻቸው ወደ ገዋኔ የሚያልፉ ሹፌሮች ደግሞ አዲስ ሰው ሲያገኙ "እስቲ ያንን በር ግፋው" ይሉትና ሲዘል እያዩ ይንከተከታሉ። እኔ አልስቅም። እኔ ኮርኒሱ ውስጥ ወንድም ነበረኝ።

ጊዜው የደርግ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ነው። ወጣት ከገበያ፣ ከኳስ ሜዳ፣ ከሠርግ ቤት ሳይቀር እየታፈሰ ለውትድርና ይጫን ነበር። ወንድሜ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረሰ እናቴ ከደጋ በጭነት መኪና ላከችልኝ። "አንቺ የመንግሥት ሠራተኛ ነሽ፤ ያንቺን ቤት አይፈትሹም" አለች። የመንግሥት ሠራተኛ ማለት እንግዲህ ቀኑን ሙሉ ታይፕ የምትቀጠቅጥ ሴት ማለት ነው፤ እናቴ ግን ሚኒስትር የሆንኩ ሳይመስላት አልቀረም። ቤቴን ይፈትሹታል። እንደማንኛውም ሰው ቤት፣ ደስ ባላቸው ሰዓት ገብተው ይፈትሹታል።

ስለዚህ ቀን ቀን ጓዳ ይተኛል። የግቢው በር ሲንኳኳ አልጋው ላይ ይቆምና አንዷን የኮርኒስ ቺፑድ ወደ ላይ ገፍቶ ይወጣል፤ መልሶ ይገጥማታል። ላይ አንድ ጣውላ አጋድሞ በላዩ ካርቶን አንጥፏል። የአዋሽን ሙቀት የማያውቅ ሰው ከቆርቆሮ ጣራ ስር መተኛት ምን እንደሆነ ልነግረው ብል አይገባውም። ሲወርድ ፊቱ ቀልቶ፣ ሸሚዙ ሰውነቱ ላይ ተጣብቆ ነው የሚወርደው። ቢያስለው አፉን በትራስ አፍኖ ነው የሚያስለው። እኔ ደግሞ አንድ ሰው ሲያስል በሰማሁ ቁጥር፣ ቢሮም ብሆን፣ ልቤ ስንጥቅ ይላል።

በከተማው ሽቦ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ እሱው ራሱ የቀበሌያችን ጥበቃ ነው። በአንድ ትከሻው ጠመንጃ፣ በሌላው የሽቦ ጥቅል ያንጠለጥላል። ቢሯችን ሶኬት ሲበላሽ የምንጠራው እሱን ነው፤ ወጣት ሲታፈስም ከፊት የሚቀድመው እሱ ነው። ክፉ ፊት የለውም። ቢኖረው ይሻለኝ ነበር፤ ምኑን እንደምፈራ አውቅ ነበር። የአከራዬን ልጅ ከመናኸሪያ የወሰደው እሱ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እሳቸው ግን ሻይ ሊጠጣ ሲመጣ ዝም ብለው ይቀዱለታል።

"ያንን ሰውዬ ልጥራውና ይህን ሸይጧን ያስወጣልን" ይሉኝ ነበር መጀመሪያ መጀመሪያ። እኔ ሰበብ እደረድራለሁ፤ ቤት ልቀይር ነው፣ ሥራ በዝቶብኛል፣ መንዘሩን ለምጄዋለሁ። አንድ ቀን ጠዋት ልብስ ሳሰጣ ቀረብ አሉኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ልጄ፣ ኮርኒስሽ ውስጥ ያለው አይጥ ጉንፋን ይዞታል። ነጭ ሽንኩርት ስጪው" አሉኝ። ወዲያው ባዶ ጀሪካናቸውን አንስተው ሄዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰውዬውን እንጥራ ማለቱን ተዉት።

ነገሩ የከፋው ወንድሜን ራሱን በነዘረው ዕለት ነው። ጥበቃዎቹ አመሻሹ ላይ ስብሰባ ለመናገር ቤት ለቤት ሲዞሩ ኮርኒሱ ላይ ወጥቶ ነበር፤ እነሱ ከሄዱ በኋላ ሲወርድ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል። "ሽቦው ተልጧል" አለኝ። "ክንዴ ነካው።" በማግስቱ ጠዋት በባትሪ አብርቶ አየው። ሽቦው የለበሰው ላስቲክ በዓመታት ሙቀት ደርቆ እንደ ድርቆሽ ይፈረፈራል፤ የቀረውን አይጥ፣ እውነተኛው አይጥ፣ ግጦታል። መዳቡ ራቁቱን ወጥቶ አንዱ ቦታ ላይ የጣራውን ቆርቆሮ ነክቷል። ሸይጧኑ ያ ነበር። ያ ቦታ ደግሞ ወንድሜ ከሚተኛበት ጣውላ ከአንድ ክንድ አይርቅም። ታች ቢተኛ ይወስዱታል፤ ላይ ቢተኛ ሽቦው ይገድለዋል። እኔ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የሚባል አላየሁም።

ናስትሮ፣ ያ ሽቦ የሚጠቀለልበት ጥቁር ፕላስተር፣ ልገዛ ሄድኩ። ባለሱቁ "ለምንሽ ነው?" አለኝ። "የጃንጥላዬ እጀታ ተሰብሮ ነው" አልኩት። "አዋሽ ላይ ጃንጥላ? ዝናብ መጣ እንዴ?" ብሎ ሳቀ። "ለፀሐይ ነው" አልኩት። እሱ በቀልድ ነው የጠየቀኝ፤ እኔ ግን ቤቴ እስክደርስ ድረስ ሦስት ጊዜ ዞሬ ወደ ኋላዬ አይቻለሁ። ያ ዘመን እንዲህ ነበር፤ ፕላስተር የገዛ ሰው ቦምብ የያዘ ያህል ይፈራል።

እሑድ ጠዋት፣ ፀሐይ ቆርቆሮውን ሳታግለው፣ ወንድሜ ወጣ። እኔ አልጋው ላይ ቆሜ ናስትሮውን በመቀስ እየቆረጥኩ አቀብለዋለሁ። ያ የቀበሌ ጥበቃ የቢሯችንን ሶኬት ሲጠግን አይቼ ስለነበር የማውቀውን እነግረዋለሁ፦ አቧራውን ጥረገው፣ ሁለቱን ሽቦዎች ለያያቸው፣ እያንዳንዱን ለብቻው ጠቅልለው፣ ከተላጠው ላይ ሳይሆን ከጤነኛው ላስቲክ ጀምረህ ና። "አንቺ ታይፒስት ነሽ ወይስ መሐንዲስ?" አለኝ ከላይ። ከመጣ ጀምሮ ሲቀልድ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው፣ ለጥቂት ደቂቃ ፍርሃቴን ረሳሁት።

ባልቦላውን፣ የመብራቱን መስመር የሚያቋርጠውን ፊውዝ፣ አልነቀልንም። የዛሬ ሰው ይህን ሲሰማ ቂሎች ይለናል። አዋሽ ላይ ግን ያኔ ቀን መብራት የለም፤ ሞተሩ የሚነሳው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ቀን ሽቦ ሲነካ ባልቦላ የሚነቅል ሰው አይቼ አላውቅም፣ ያ ጥበቃ ራሱ እንኳ አይነቅልም። ደግሞ ባልቦላው የተሰካው አከራዬ ሻይ ቤት ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ ነው። ገብቼ ልነቅል ብል ደንበኛው ሁሉ ምን ልትሠሪ ነው ማለቱ አይቀርም።

ያን ቀን ለካ ከበላይ አካል የመጡ ባለሥልጣናት ነበሩ። ድንገተኛ ስብሰባ ሊጠራ ኖሮ ለድምፅ ማጉያው ሲባል ሞተሩ በጠዋት ተነሳ። ያ ዱክ ዱክ የሚል ድምፁ ሲሰማኝ መጀመሪያ ያሰብኩት አፈሳ ነው። ሞተር በቀን ከተነሳ ስብሰባ አለ፣ ስብሰባ ካለ መውጫ መውጫው ይዘጋል። "ሊመጡ ነው፣ አትውረድ" ልለው ቀና አልኩ። ሽቦው ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።

ወንድሜ አልጮኸም። የሰማሁት እግሩ ቺፑዱን ሲደበድብ ነው። በቀዳዳው ጭንቅላቴን አስገብቼ ሳይ ቀኝ እጁ ሽቦው ላይ ተጨብጧል፤ አይኑ ተከፍቶ ወደ እኔ ያያል፣ ግን አያየኝም። እግሩን ልይዘው እጄን ዘረጋሁና መለስኩት። ብነካው እኔንም ይይዘኛል፤ ሁለታችንም እዚያው እንቀራለን። ከአልጋው ዘልዬ ወደ ግቢው ሮጥኩ።

"ያዘው! እማማ፣ ያዘው! ያዘው!"

ኮረንቲ ሰው ሲይዝ ሌላ ምን ይባላል? ያዘው ነው የሚባለው። ግን ሞተር በጠዋት ተነስቶ አንዲት ሴት ያዘው እያለች ስትጮህ፣ በዚያ ዘመን የአዋሽ ሰው የሚሰማው ሌላ ነው። የሚያሳድዱትም ያዘው ይላሉ። የሚያለቅሱትም ያዘው ይላሉ። የጎረቤቶቼ በሮች ተራ በተራ ሲዘጉ ሰማሁ፤ መቀርቀሪያው ሁሉ ቋ፣ ቋ ይላል። የአከራዬ ሻይ ቤትም ከውስጥ ተዘጋ። በኋላ እንደነገሩኝ፣ ሻይ የሚጠጡ ሁለት የመኪና ረዳቶች ነበሩባቸው፤ የሰው ልጅ በጓሮ ሊያስመልጡ ነው የዘጉት። የራሳቸውን ልጅ ማስመለጥ አልቻሉም ነበር።

በሩን በጡጫዬ ደበደብኩት። ቆርቆሮው ነዘረኝ። "እማማ ባልቦላውን! ባልቦላውን!" እላለሁ፣ ግን ድምፄ ለራሴም አይሰማኝም።

በግቢው በር የገባው ያው ሽቦ የሚያውቀው ጥበቃ ነው። ሰው ለስብሰባ ሲቀሰቅስ ጩኸቴን ሰምቶ፣ የሸሸ ወጣት ያለ መስሎት፣ ጠመንጃውን ወድሮ እየሮጠ ደረሰ። "በየት ሄደ?" አለኝ። አንዴ ጠመንጃውን፣ አንዴ ቤቴን አየሁ። አሁንም ሳስበው ያቺ አፍታ ታስፈራኛለች። ካልነገርኩት ወንድሜ ይሞታል፣ ከነገርኩት ይወሰዳል። እጄን ወደ ቤቴ ቀሰርኩ። "ኮረንቲ ነው" አልኩት። "ኮርኒስ ውስጥ ነው።"

ፊቱ ወዲያው ተለወጠ። ጠመንጃውን እግሬ ስር ጣለና የሻይ ቤቱን በር በጫማው ረግጦ ከፍቶ ገባ። ባልቦላውን ነቅሎ ወጣና እየሮጠ ወደ ጓዳዬ ገባ። ወንድሜን በብብቱ ይዞ አወረደው፤ መሬት አጋድሞ ደረቱን ይጫናል፣ አፉ ላይ ይተነፍሳል፣ እንደገና ይጫናል። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ "ጌታዬ፣ ጌታዬ" ብቻ እላለሁ። ወንድሜ አንዴ እንደ ማቃሰት አለና ተነፈሰ። ሰውዬው ቁጭ አለ። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል።

ውኃ ሰጠሁት። ጠጣ። የተቃጠለውን እጅ በእርጥብ ጨርቅ እንድጠቀልለው ነገረኝ፣ ጠቀለልኩት። ከዚያ ቀና ብሎ የኮርኒሱን ቀዳዳ አየ፤ ጣውላውን፣ ካርቶኑን፣ የውኃ ጠርሙሱን አየ። ወደ ወንድሜ ተመለሰና ጢሙን አየ።

"ስንት ዓመቱ ነው?" አለኝ።

ያንን ጥያቄ ያልፈራች እናት፣ ያልፈራች እህት በዚያ ዘመን አልነበረችም። "አሥራ ስድስት" አልኩ። ወጥቶ ጠመንጃውን አነሳ፣ አቧራውን በእጅጌው ጠረገ፣ ተመልሶ ገባ።

"መጀመሪያ ጤና ጣቢያ እወስደዋለሁ" አለ። "መጀመሪያ" ማለቱን ልብ ብያለሁ። ወንድሜ ለመነሳት ሲሞክር ሰውዬው ትከሻውን ሰጠው። ተደጋግፈው ሲወጡ ከሩቅ ያየ ሰው ወንድማማች ናቸው ይል ነበር። ያን ቀን ከሰዓት ጤና ጣቢያ ሄጄ እጁ በፋሻ ታስሮ አየሁት። በር ላይ ሌላ ጥበቃ ቆሟል። "የሚያስፈራው አልፏል" አለኝ ወንድሜ፣ ሊያጽናናኝ። በማግስቱ ስሄድ አልጋው ላይ ሌላ በሽተኛ ነበር።

ሰውዬው ከጥቂት ቀናት በኋላ መጣ፣ ጀምበር ልትጠልቅ ስትል። ባልቦላውን ይዞት ሄዶ ስለነበር እኔም አከራዬም በኩራዝ ነበር የምናመሸው። ጠመንጃ አልያዘም። "ሽቦው እንደተንጠለጠለ ነው የቀረው" አለ። "እንዲህ ከተተወ አንድ ቀን ቤቱን ያነደዋል። ልጨርሰው።" አትግባ ማለት የሚችል ሰው የለም። አከራዬ ከሻይ ቤቱ ሆነው ያዩናል። ባልቦላውን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ።

"ይህን ያዢልኝ። እኔ ሳልል እንዳትሰኪው።"

እምነት ይሁን፣ ንቀት ይሁን፣ ወይ ዝም ብሎ የሥራ ልማድ ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። አልጋው ላይ ቆሞ በዚያው ቀዳዳ ወጣ። እኔ ባልቦላውን ይዤ ሻይ ቤት ገባሁ። ባዶው የባልቦላ ቤት ከፊቴ፣ ግድግዳው ላይ ነው። ከቺፑዱ ወዲያ ሲንቀሳቀስ፣ ሲያስል፣ ናስትሮ ሲቀድ ይሰማል። ሲያስል ወንድሜን መሰለኝ።

ሞተሩ ተነሳ። ዱክ ዱክ አለ። ኮርኒሱ ውስጥ እንቅስቃሴው ቀጥ አለ። ከዚያ ድምፁ መጣ፣ ቀጠን ብሎ፦ "እህቴ? ባልቦላውን እንደያዝሽው ነው?"

"ይዤዋለሁ" አልኩ።

ፈርቷል። ያ ሰው፣ ከተማው ሁሉ የሚፈራው፣ እኔን ፈርቷል። እጄ ወደ ግድግዳው ሲሄድ አየሁት፤ እኔ ያዘዝኩት አይመስልም። አንዴ ብቻ ጠቅ ማድረግ ነው። ማንም አያውቅም፣ ቤቱ እንደሆነ ሲነዝር የኖረ ቤት ነው። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ፈርቼ አላውቅም፤ የፈራሁትም የገዛ እጄን ነበር።

"ስጪኝ" አሉኝ አከራዬ። ከኋላዬ ቆመዋል።

"ምን ሊያደርጉት ነው?"

"ስጪኝ ልጄ። እጅሽን አይቼዋለሁ።"

አይናቸውን ሳየው ደረቅ ነው። የእሳቸውን ልጅ የወሰደው ሰው ከራሳቸው በላይ ተጋድሟል። ብሰጣቸው ይሰኩታል ብዬ ፈራሁ፤ ብይዘው ደግሞ እኔ እሰካዋለሁ። ሰጠኋቸው። ባልቦላውን በሻርፓቸው ጫፍ ቋጠሩት፣ ሁለት ጊዜ አጥብቀው ቋጠሩት፣ በርጩማቸው ላይ ቁጭ ብለው ቋጠሮውን ጭናቸው ላይ አደረጉት።

"እሱ ከሞተ ማንን እጠይቃለሁ?" አሉ።

እሱ ላይ ሆኖ ሲቸኩል፣ ትንፋሹ ሲያጥር እንሰማለን። በመጨረሻ ወረደ። ፀጉሩ አቧራ ለብሶ፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ሻይ ቤቱ በር ላይ ቆመ፤ ልክ ወንድሜ ሲወርድ እንደነበረው።

"ጨርሻለሁ። ባልቦላውን ስጡኝ" ብሎ እጁን ዘረጋ።

አከራዬ አልተነሱም። "ልጄን የት አደረስከው?" አሉት። ያን ሁሉ ጊዜ ሻይ ሲቀዱለት ጠይቀውት አያውቁም።

ሰውዬው ቋጠሮውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። ያን ሁሉ ጊዜ ነፍሱ የት ተቋጥራ እንደነበር የገባው መሰለኝ። "እማማ፣ እኔ እስከ ኬላው ድረስ ነው" አለ። "እዚያ ሌሎች ይረከቡኛል። ከኬላው ወዲያ የት እንደሚያደርሷቸው አላውቅም። ወላሂ አላውቅም።" ሙስሊም አልነበረም፤ ያመኑኛል ብሎ ነው በእሳቸው መሐላ የማለው።

"ወንድሜስ?" አልኩት።

"እሱንም እስከ ኬላው።"

"እጁስ?"

"ፋሻው እየተፈታ አስቸገረው" አለ፣ መሬት መሬት እያየ። "በናስትሮ ጠቀለልኩለት። ሌላ አልነበረኝም።"

አከራዬ ቋጠሮውን መፍታት አቃታቸው፤ በጥርሳቸው ፈቱት። ባልቦላውን ሰጡት፣ ሰካው። አምፖሉ በራ። ሰውዬው ከማድጋው ውኃ ጨልፎ እጁን አራሰና የቆርቆሮውን ግድግዳ በመዳፉ ተጭኖ ያዘው።

"አይነዝርም" አለን። "ንኩት።"

ማናችንም አልነካነውም።